ጃንዋሪ 1 የተወለዱ ፈረሶች

በሰው አገር በፈረቃ ለሚሠሩ ባልና ሚስት፣ አንድ ላይ የዕረፍት ቀን ማግኘት ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ባለቤቴ በአረጋውያን መንከባከቢያ ሌሊት ትሠራለች፣ እኔ ቀን መጋዘን እውላለሁ፤ በእንግሊዟ ሊድስ ከተማ አብዛኛውን ጊዜ የምንገናኘው አንዳችን ስንገባ ሌላችን ስንወጣ በር ላይ ነው። አንድ እሑድ የሁለታችንም ዕረፍት ሲገጥም፣ ቀኑን ልብስ በማጠብና በመተኛት ላናሳልፈው ተስማማን። ሰሞኑን አማቶቼን ልንጠይቅ ድሬዳዋ ስንመጣ ስለዚያ ቀን ያልጠየቀን ዘመድ ስለሌለ፣ በጽሑፍ ላስቀምጠው ወደድኩ።

የሄድንባት ማልተን በሰሜን ዮርክሻየር የምትገኝ ትንሽ የገበያ ከተማ ስትሆን፣ በዙሪያዋ ያሉ የውድድር ፈረስ አሰልጣኞች በዓመት አንድ ቀን ጋጣዎቻቸውን ለሕዝብ ይከፍታሉ። ድሬዳዋ ላደገ ሰው ፈረስ ማለት ጋሪ የሚጎትት፣ ጎኑ በጅራፍ የተላጠ እንስሳ ነው። እዚያ ያየነው ዳማ ቦራ ፈረስ ግን ቆዳው ዘይት የተቀባ ይመስል የሚያበራ፣ ክብደቱ 500 ኪሎ ግራም ገደማ ሆኖ እግሮቹ ከእኔ ክንድ እምብዛም የማይወፍሩ ነበር። ለውድድር የሚመታለት ጫማ ቀላል እንዲሆን ከአሉሚኒየም ይሠራል። ልቡ ቆሞ ሳለ በደቂቃ 35 ጊዜ ገደማ፣ ሲጋልብ ደግሞ ከ200 በላይ ይመታል።

ፈረሱን የያዘው ቀላቢ ሕንዳዊ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ሥራ እንደሚጀምር፣ ሦስት አራት ፈረስ በእሱ ኃላፊነት ሥር እንደሆነ፣ ደመወዙንም ለቤተሰቡ እንደሚልክ አጫወተን። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ በአማርኛ፣ «አቦ፣ እኔ እኮ ሌሊቱን ብቻዬን ከዚህ የሚበዙ አዛውንቶች ነው የምጠብቀው» አለችኝ። ሳቅኩ እንጂ ነገሩ ከልብ የሚያስቅ አልነበረም፤ ሚሊዮን የሚያወጣ እንስሳ እና ወጪው የሚቆጠርበት ሽማግሌ እኩል አይታዩም።

ቀላቢው የነገረን ሌላ ነገር ግን እውነትም አሳቀን። በሰሜኑ የዓለም ክፍል የተወለደ ንጹሕ ዘር የውድድር ፈረስ በየትኛውም ወር ይወለድ፣ በመዝገብ ዕድሜው የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ነው። የልደት ማስረጃ ሳይዙ ተሰደው የመጡ ስንት ወገኖቼ በመታወቂያቸው ላይ ያችው ቀን አለች! የእኔም ልደት በወረቀት ጃንዋሪ 1 ነው፤ እናቴ ግን ለሐምሌ ገብርኤል ማግሥት እንደወለደችኝ ትምላለች። ደግሞም የእነዚህ ፈረሶች የአብዛኞቹ የአባት ሐረግ የሚመዘዘው፣ በእ.ኤ.አ. 1704 ከሶርያዋ ሐለብ ተገዝቶ ከማልተን ብዙም ወደማይርቅ ርስት ከተወሰደ አንድ የዓረብ ፈረስ ነው፤ ስለዚህ የእንግሊዝ ኩራት የሚባለውም እንስሳ አያቱ መጤ ነው።

ከዚያ ተነሥተን ሙር የሚባለውን ገላጣ ሜዳ አቋርጠን ዊትቢ የባሕር ዳርቻ ወረድን። እዚያ መሄድ የሚቻለው ባሕሩ የሚሸሽበትን ሰዓት አይቶ ነው፤ ውኃው ሲመለስ ሰውን ከገደሉ ጋር አጣብቆ ያስቀራል፣ ገደሉም ይናዳል። ስለዚህ ከገደሉ ርቀን፣ ማዕበል አጥቦ የተዋቸውን ጠጠሮች ብቻ ጎንበስ ብለን ፈተሽን። ብዙ ካለፍናቸው በኋላ ባለቤቴ መዳፍ የምታህል ድቡልቡል ድንጋይ አንሥታ፣ በጠርዟ በኩል የጎላ መሥመር አየችና ሰጠችኝ። በመዶሻ ስመታት ለሁለት ተከፈለች፤ በውስጧ ጥቁር፣ በራሱ ላይ ተጠቅልሎ የዞረ፣ ጎድን ጎድን ያለው ዛጎል ነበር። አሞናይት የሚባል የባሕር እንስሳ ቅሪተ አካል ሲሆን፣ የዚያ ዳርቻ አለት ዕድሜ 180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የአገሬው አፈ ታሪክ፣ በእ.ኤ.አ. 657 የዊትቢን ገዳም የመሠረተችው ቅድስት ሂልዳ እባቦችን ወደ ድንጋይ ለወጠች ይላል፤ ነጋዴዎችም ዱሮ በድንጋዮቹ ላይ የእባብ ራስ እየቀረጹ ይሸጡ ነበር። ባለቤቴ ግን፣ «የእኛ አቡነ አረጋዊ እንኳ ዘንዶውን መወጣጫ አደረጉት፤ እንዲህ ይሻላል» ብላ ፈረደች።

ከድንጋዩ ግማሹን ድሬዳዋ ይዘን መጣን። አማቴ ጋሽዬ ዕድሜያቸውን በሲሚንቶ ፋብሪካ የጨረሱ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው ካገላበጡት በኋላ፣ «የእኛም የኖራ ድንጋይ ሲፈለጥ እኮ ዛጎል ይታይበት ነበር፤ ማን ልብ አለው ብለህ ነው!» አሉ። እውነታቸውን ነው። አሞናይቱ በኖረበት፣ ጁራሲክ በሚባለው በዚያው ዘመን ባሕር ምሥራቅ ኢትዮጵያን ሸፍኖት ነበር፤ ድሬዳዋንና ሐረርን የከበቡት የኖራ ድንጋይ ተራሮች የዚያ ባሕር ወለል ናቸው። በእ.ኤ.አ. 1933 የተቆፈረውና የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ፣ ቀይ አፈርና የመንጋጋ ስባሪ የተገኘበት የፖርክ ኤፒክ ዋሻም በዚሁ ዓይነት አለት ውስጥ ነው፤ እኔ ሰፈሬ ሆኖ አንድ ቀን አልወጣሁትም።

እማማ፣ «ለዚህች ድንጋይ ብላችሁ ነው ያን ሁሉ ነዳጅ ያቃጠላችሁ?» ቢሉንም፣ ቅዳሜ ወደ ዋሻው ልንወጣ ተቀጣጥረናል። የጋሽዬ ቅድመ ሁኔታ አንድ ነው፦ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት ካልተነሣን በድሬ ፀሐይ እንደማይመሩን ከወዲሁ አስጠንቅቀዋል።