የኮለኑ ጠርዝ

በአንድ ትምህርት ቤት ግንባታ ላይ የሳይት መሐንዲስ ነበርኩ። አርክቴክቱ የኮለኖቹ፣ ማለትም የአርማታ ምሰሶዎቹ፣ ጠርዝ ስል ሆኖ እንዲወጣ ፈለገ። የአናጺዎቹ አለቃ ጋሼ ደግሞ አርማታው በሚሞላበት የጣውላ ቅርጽ (ፎርምወርክ) ማዕዘን ውስጥ ባለሦስት ማዕዘን ሊስተሎ፣ ማለትም የኮለኑን ስል ጠርዝ ገደድ አድርጎ የሚያስቀር ቀጭን እንጨት፣ ሳይመቱ አርማታ ማስሞላት አይሆንላቸውም። ትእዛዙ ሲደርስ የኮሪደሩ ግማሽ ኮለኖች በጋሼ መንገድ ተሞልተው ነበር። የቀሩት ያለ ሊስተሎ ተሞሉ።

ጣውላው ሲነሳ ልዩነቱ ፈጦ መጣ። የጋሼ ኮለኖች ጠርዛቸው ንጹሕ ነው። የሌሎቹ እዚህም እዚያም ተሸራርፏል። ጠጠር እስከ ሹሉ ጫፍ አይገባም። እዚያ የሚደርሰው የሲሚንቶና የአሸዋ ልውስ ነው፤ እሱም በጣውላዎቹ መገጣጠሚያ ይሾልካል። የተረፈው ደካማ ጫፍ ጣውላው ሲነቀል አብሮ ይነሳል።

አርክቴክቱ ሊያይ ሲመጣ ጋሼ ብዙ አልተናገሩም። መዳፋቸውን በአንዱ ኮለን ጠርዝ ላይ አንሸራተቱ፤ ከዚያ በሌላው።

«እስኪ አንተም ዳብሰው ልጄ። የሚሮጥ ሕፃን ግንባሩ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።»

ዳበሰው። «መስመሩ እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ ነው ጋሼ» አለ።

ፍርሃቱ ይገባኛል። ስል ጠርዝ ብርሃንና ጥላን ቁርጥ አድርጎ ይለያል፤ ያምራል። ግን ከኮሪደሩ ጫፍ ቆመን ስናይ ቀጥ ያለ መስመር የነበራቸው የጋሼ ኮለኖች ነበሩ።

በዚያው ተስማማን። ስለታሞቹ በግራይንደር ተሞረዱ። የግድግዳዎቹን ማዕዘን ደግሞ ጨርሶ አከበብናቸው። ልሳኞቹ የፒቪሲ ቱቦ በቁመቱ ሰንጥቀው፣ ልስኑ ሳይደርቅ ጎድጓዳ ጎኑን ከላይ ወደ ታች ይጎትቱበታል። ማዕዘኑ ልስልስ ብሎ ይወጣል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ልስኑ ከጠነከረ ይቦጫጨራል፣ ገና ፈሳሽ ከሆነ ይንሸራተታል።

የደረጃው ብረትም ጠርዙ ተሞረደ። እርጥብ ቀለም ከስል ጠርዝ ላይ ይሸሻል፤ እዚያ ስለሚሳሳ ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ብረትን በቀለም ከዝገት ስለመጠበቅ የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ አይኤስኦ 12944፣ ጠርዝ ቢያንስ 2 ሚሊሜትር ሬዲየስ ይዞ እንዲከበብ የሚመክረውም ለዚህ ነው።

ሁሉም ማዕዘን ግን አይከበብም። ቁምሳጥን የሚገጠምበት ወይም ሴራሚክ የሚለጠፍበት ማዕዘን ቀጥ ብሎ ይቅር፤ ካልሆነ ክፍተት ይፈጠራል። ስለዚህ ልሳኝ ከመግባቱ በፊት የትኛው ማዕዘን ክብ፣ የትኛው ቀጥ እንደሚሆን ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ።