ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት የባትሪውን ገመድ ለኩ

አሮጌ ቶዮታ ዲኤክስ ለምትነዱ ነው የምጽፈው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ የባትሪና የሞተሪኖ (መኪናውን የሚያስነሳው ትንሹ ሞተር) ገንዘብ በኪሴ ይቀር ነበር።

መኪናዬ የምታድረው አራት ኪሎ ነው። የኅዳር ብርድ ሲገባ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር "ጢቅ" ብላ ዝም ትላለች። ባትሪው ሞቷል አሉኝ፣ ተቀየረ። ሞተሪኖው ነው አሉኝ፣ ተቀየረ። ያው ናት! አንድም ኤሌክትሪሺያን ቴስተር (የቮልት መለኪያ) አውጥቶ አልለካም። እስካሁን ያናድደኛል።

መለካቱ ደግሞ ቀላል ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሪኖው ላይ ገመዱ የታሰረበት ብሎን ላይ አድርጉ። ሰው ቁልፉን ያዙርላችሁ። ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱ ቮልቱን እየበላው ነው። በማሳው በኩልም፣ ማለትም ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ መኪናው ብረት በሚሄደው ገመድ፣ እንዲሁ። የእኔ በሁለቱም በኩል ከ0.5 አልፎ ነበር።

ገመድ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። 35 ሚሊሜትር ካሬ መዳብ ጠየቅኩ። ሻጩ "ንጹህ መዳብ ነው ወንድሜ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ውሰድ" አለኝ። ገጠምኩት። ብዙም ሳይቆይ ጫፉ ይግል ጀመር፤ ፕላስቲኩ ለስልሶ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። አንዷን ክር በምላጭ ፋቅ አደረግኳት። ላይዋ ቀይ፣ ውስጧ ነጭ። መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነው የሸጠልኝ! አሉሚኒየም በእኩል ውፍረት ከመዳብ 1.6 እጥፍ ገደማ ኤሌክትሪኩን ይቃወማል። የታሰረበትም ቦታ ቀስ በቀስ ይላላል፤ ሲላላ ይግላል። ልመልስ ስሄድ "የተቆረጠ ገመድ አይመለስም" ተባልኩ። እሺ፣ ያልሆነውን መዳብ ነው ብሎ መሸጥስ?

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሻጩ ፊት አንዷን ክር ፋቁ። ቢያኮርፍ ያኩርፍ። ከሌላ ሱቅ የገዛሁትን እንደዚያ አድርጌ ነው የወሰድኩት።

መካኒኮች "ከፋብሪካ የመጣው ውፍረት ይበቃል" ይላሉ። እኔ አልስማማም። 150 አምፔር ሲያልፍበት 2 ሜትር የ16 ካሬ መዳብ 0.33 ቮልት ገደማ ይበላል፤ የ35ቱ 0.15 ብቻ። በብርድ ጠዋት ይህ ልዩነት ብዙ ነው።

የቀረው ሥራ የታወቀ ነው። ኔጌቲቩን መጀመሪያ ፍቱ፣ መጨረሻ ላይ እሰሩ። ማሳው የሚያርፍበትን ቀለምና ዝገት ብረቱ እስኪያበራ ፋቁ። ገመዱን ከጭስ ማውጫው አርቁ።

አሁን በአንድ ቁልፍ ትነሳለች፤ በጣም ደስ ይለኛል። ጎረቤታችን ጋሼም ይህን አይተው ቪትዛቸውን እንድለካላቸው ጠየቁኝ። ገመዳቸው ምንም አልሆነም፣ 0.2 ነው ያሳየው። የእሳቸው እውነትም ባትሪ ነበር።