የአማርኛ ድረ ገጽ፣ ሜኑና ፕለጊን፦ ከባሕር ዳር የተገኘ ልምድ

ባሕር ዳር ተቀምጬ ስለ ጎጃም የሚያወራ ድረ ገጽ እሠራለሁ። ጣናና ገዳማቱ፣ ዓባይ ከምንጩ እስከ ጢስ ዓባይ፣ ጮቄ፣ ዋሸራና ጎንጅን የመሳሰሉ የቅኔ ቤቶች አንድ ላይ እንዲገኙ ብዬ ነው። ጎብኚ የሚያስጎበኙ ወዳጆቼ ጽሑፍ ያቀብሉኛል። እኔ አስተካክዬ አወጣለሁ።

የምጠቀመው ኢለቨንቲን ነው። ዛክ ሌዘርማን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መሣሪያ ነው። ጽሑፉን በማርክዳውን፣ ማለትም በጥቂት ቀላል ምልክቶች በሚደረደር ተራ ጽሑፍ፣ ትጽፋላችሁ፤ እሱ ብራውዘር የሚያነበው ያለቀለት ኤችቲኤምኤል አድርጎ ያወጣዋል። ዳታቤዝ የለም። ሰርቨሩ ፋይል ከመስጠት ሌላ ሥራ የለበትም። ገጹ ቀላል ስለሆነ ኔትወርክ ሲደክምም ይከፈታል። ለእኛ አካባቢ አንባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መሠረቱን መጣል ቀላል ነው፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ሥራው የሚበዛው ሜኑ ማሳመርና ፕለጊን፣ ማለትም መሣሪያው ላይ የሚገጠም ተጨማሪ ክፍል፣ መጨመር ላይ ነው። እዚያ የምታገኟቸው ነገሮች አብዛኞቹ የላቲን ፊደልን አስበው የተሠሩ ናቸው። በአማርኛ የምትሠሩ ከሆነ የት የት ላይ እንደሚጋጩ ቀድማችሁ ብታውቁ ብዙ ድካም ይቀርላችኋል።

በሜኑው ልጀምር። ከኢንተርኔት ያወረድኩት ነፃ ዲዛይን በእንግሊዝኛ ሲታይ ያምራል። የሜኑው ቃላት በሙሉ በትልልቅ ፊደል ይጻፋሉ፤ በፊደሎቹ መካከልም ክፍተት አለ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው የመጀመሪያው ትእዛዝ ምንም አያደርግም። ክፍተቱ ግን ይቀራል። «ደብረ ማርቆስ» ተበታትኖ ቁጭ ይላል፤ የትኛው ቃል የት እንዳለቀ አይለይም። ስለዚህ የገጹን መልክ የሚወስነው ሲኤስኤስ ውስጥ ገብቼ የፊደል ክፍተቱን ዜሮ አደረግኩት። የመስመር ቁመቱን ወደ 1.6 ከፍ አደረግኩ፤ ፊደሎቻችን ወደ ላይም ወደ ታችም ስለሚዘረጉ በጠባብ መስመር ይተፋፈጋሉ። ለሜኑው ፎንት ማስወረዱንም ተውኩት። አንድሮይድ ስልኮች ኖቶ ኢትዮፒክን ይዘው ነው የሚመጡት። ያለውን ነገር ለምን ሰው በዳታው ያውርድ?

ቀጥሎ ተቆልቋዩ ሜኑ አለ። የመጣው ዲዛይን ማውስ ሲያርፍበት ነው የሚከፈተው። ስልክ ላይ ማውስ የለም። ጽሑፍ ከሚያቀብሉኝ አንዱ፣ ዘጌ ላይ ለዓመታት ያስጎበኙ ጋሼ፣ በስልካቸው ሞክረው ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ገዳማት የሚለውን ስነካው ይዞኝ ይሄዳል። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን የት ብዬ ልምረጥ?»

እውነታቸውን ነው። «ገዳማት» የሚለው ራሱ ሊንክ ስለሆነ ዝርዝሩ ሳይታይ ገጹ ይቀየራል። መፍትሔው ኤችቲኤምኤል ውስጥ ድሮውንም ያለ ነገር ነው፤ «ዲቴይልስ» እና «ሰመሪ» የሚባሉት ታጎች። ሲነኩት ይከፈታል፣ ሲነኩት ይዘጋል፤ አንድ መስመር ጃቫስክሪፕት አይፈልግም። «ሁሉም ገዳማት» የሚለውን ሊንክ ከዝርዝሩ ውስጥ አንደኛ አድርጌ አስገባሁት። ጋሼ አሁን ጎብኚ ጀልባ ላይ ይዘው ሳሉ ራሳቸው ከፍተው ያሳያሉ።

ሜኑውን በእጅ መጻፍ ይቻላል። ገጽ ሲበዛ ግን አይያዝም። ለዚህ የኢለቨንቲ ናቪጌሽን ፕለጊን አለ። በእያንዳንዱ ፋይል አናት ላይ የገጹን መለያ፣ የወላጁን መለያና ተራ ቁጥሩን ትጽፋላችሁ፤ ሜኑውን እሱ ይገነባዋል። በጣም ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ወላጅና ልጅ የሚገናኙት መለያዎቹ ፊደል በፊደል ሲገጥሙ ብቻ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ አንዱ «ዓባይ» ሌላው «አባይ» ብሎ ይጽፋል። የወላጁ ገጽ «ዓባይ»፣ የልጁ «አባይ» ካለ የጢስ ዓባይ ገጽ ከሜኑው ላይ ይጠፋል። ምንም የስሕተት መልእክት አይመጣም። ስለዚህ መለያውን አጭር የላቲን ቃል አድርጉት፤ ለአንባቢ የሚታየውን የአማርኛ ስም «ታይትል» በሚለው መስክ ለብቻው ጻፉት። ፕለጊኑ ይህን ይፈቅዳል። ከአንድ ሰው በላይ የሚጽፍበት ድረ ገጽ ካላችሁ ይህን ዛሬውኑ አድርጉት።

የገጽ አድራሻም ላይ ተመሳሳይ ጣጣ አለ። ርእስን ወደ አድራሻ የሚቀይረው የኢለቨንቲ ፊልተር የአማርኛ ፊደልን አያውቅም፤ አውጥቶ ይጥለዋል። «ገዳማት» ባዶ ይሆናል፤ «ፏፏቴ»ም ባዶ ይሆናል። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ሊጻፉ ሲመጡ ኢለቨንቲ ሥራውን ያቆማል። ቢያንስ ይኼኛው ይናገራል። አድራሻውን በአማርኛ መተውም ይቻላል፤ ግን ሰው ሊንኩን ገልብጦ ቴሌግራም ላይ ሲለጥፈው ጉድ ነው። አንድ የእኛ ፊደል ኮምፒውተር ጽሑፍን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ 8 የሚይዘው 3 ባይት ነው፤ ሲገለበጥ እያንዳንዱ ባይት በ3 ምልክት ስለሚጻፍ 9 ምልክት ይሆናል። «ደብረ ማርቆስ» 7 ፊደል ነው፤ ክፍተቱን ሳንቆጥር 63 ምልክት ሆኖ ይወጣል። እኔ አድራሻውን በየፋይሉ አናት ላይ በላቲን በእጄ እጽፋለሁ።

ብዙ የተማርኩት ከፍለጋው ነው። ሉነር የሚባለውን የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ጨመርኩ፤ ሰርቨር ሳያስፈልግ እዚያው ስልኩ ላይ ይፈልጋል። በእንግሊዝኛ ቃል ሲሞከር ይሠራል። «ጣና» ስትሉት ግን ባዶ ነው። ኮዱን ከፍቼ አነበብኩት። ሉነር ቃላቱን ከማስቀመጡ በፊት «ትሪመር» በሚባል ፈንክሽን ያሳልፋቸዋል። የእሱ ሥራ ከቃሉ ጫፍና ጫፍ ነጥብና ኮማ መቁረጥ ነው። ችግሩ ከእንግሊዝኛ ፊደልና ከቁጥር ውጭ ያለውን ሁሉ እንደ ነጥብ መቁጠሩ ነው። አማርኛውን ቃል ከነሥሩ ይነቅለዋል። የሚቀር ነገር የለም።

ትሪመሩንም፣ የእንግሊዝኛ ቃል ግንድ የሚፈልገውን ስቴመርንም አወጣኋቸው። በቦታቸው የራሴን ፈንክሽን አስገባሁ። መጀመሪያ አራት ነጥብን፣ ነጠላ ሰረዝንና ድርብ ሰረዝን ያነሣል፤ አለዚያ «ዓባይ።» እና «ዓባይ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ይሆናሉ። ቀጥሎ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ያመጣል፤ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ እስከ ሳብዓቸው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ላይ የዐና የአ ቤተሰቦች ፊደል ለፊደል እኩል ርቀት ስላላቸው በመቀነስ ብቻ መቀየር ያጓጓል። ግን ዓ በዚያ መንገድ የሚሄደው ወደ ኣ እንጂ ወደ አ አይደለም። «ኣባይ» ብሎ የሚፈልግ ደግሞ የለም። ስለዚህ ኣን ወደ አ፣ ሃን ወደ ሀ የሚያመጣ አንድ እርምጃ ጨምሩበት።

የመጨረሻው መነሻ ቅጥያ ነው። ጽሑፉ ውስጥ «የጣና»፣ «በጣና»፣ «ከጣና» እያለ ነው የሚሄደው። አንባቢው ግን «ጣና» ብሎ ነው የሚፈልገው። መነሻዋን ፊደል ዝም ብሎ መቁረጥ አይሆንም፤ «ከበሮ» «በሮ» ይሆናል፣ «በላይ» «ላይ» ይሆናል። እኔ ሁለቱንም አስቀምጣለሁ፤ ሙሉውን ቃልም፣ መነሻው የተነሣለትንም። ሉነር ከአንድ ቃል ሁለት እንዲወጣ ይፈቅዳል። ሉነር የሚፈልግበት የቃላት ማውጫ ትንሽ ይከብዳል፤ ግን የተፈለገው ይገኛል። ማውጫውን እንደኔ ቀድማችሁ ገንብታችሁ የምታስቀምጡ ከሆነ ፈንክሽኑን በዚያው ስም ብራውዘሩ ላይም መዝግቡት። አለዚያ ማውጫውን አልጭንም ይላል።

ለቀን ፕለጊን አልጨመርኩም። ጃቫስክሪፕት «ኢንትል» በሚባለው ክፍሉ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል፤ ጳጉሜንም 13ኛ ወር አድርጎ ያወጣል። ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ለየብቻ ተቀብላችሁ በራሳችሁ አጻጻፍ የምትገጥም አጭር ፊልተር በቂ ናት። ፋይሉ አናት ላይ የሚጻፈው ቀን ግን እንደ ፈረንጆቹ ነው። ለፎቶ የኢለቨንቲን የምስል ፕለጊን ያዙ፤ አንዱን ፎቶ በተለያየ መጠን ያወጣላችኋል።

ፕለጊን ስትመርጡ ኮዱን ከፍታችሁ አንብቡ። አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው። ካነበባችሁ በኋላ ደግሞ ወደ ዋናው ሥራ ሳታስገቡ ሦስት ቃል ስጡት፤ «ዓባይ»፣ «የጣና»፣ «ደብረ ማርቆስ»። አንዱ ሞክሼ ፊደል፣ አንዱ መነሻ ቅጥያ፣ አንዱ ክፍተት አለው። እነዚህን ካለፈ አስገቡት። ካስገባችሁ በኋላ የሚሠራውን የፕለጊኑን እትም ቁጥር ቆልፉት፤ ፕለጊኖቹን የሚያወርደው ኤንፒኤም የሚፈጥረውን የመቆለፊያ ፋይል ከጽሑፎቻችሁ ጋር አብራችሁ አስቀምጡ። የወረዱትን ጥቅሎችም ኮፒ አድርጌ ፍላሽ ላይ እይዛለሁ። ኢንተርኔት በጠፋበት ቀን ጽሑፍ ማስተካከልና ድረ ገጹን መገንባት የሚቻለው እንደዚያ ነው፤ መስመሩ ሲመለስ መጫን ብቻ ይቀራል።