«ሀ ሁ»ን በዜማ የሚወርድ ልጅ ሁሉ አያነብም

አንደኛ ክፍል ውስጥ 60 ልጆች በአንድ ድምፅ «በ ቡ ቢ ባ» ሲሉ ከውጭ ለሚሰማ ትምህርቱ የሰመረ ይመስላል። መምህሯ «ቦ»ን ብቻ ጠቁማ አንዱን ልጅ ስትጠይቀው ግን ከ«በ» ጀምሮ በሹክሹክታ እየቆጠረ ይወርዳል። የያዘው የዜማውን ተራ እንጂ የፊደሉን መልክ አይደለም። ሰነፍ ሆኖም አይደለም፤ የተማረው ዜማውን ነው።

ፊደላችን የሚለያየው በትንንሽ ምልክት ነው። «ቢ» ከእግሩ ሥር አጭር ሰረዝ አለው፣ «ቤ» ደግሞ ቀለበት። «ባ» ቀኝ እግሩ ይረዝማል፣ «ቦ» ግራው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትንሹ ከተጻፉ መጨረሻው ዴስክ ላይ ለተቀመጠች ልጅ ሁሉም አንድ ናቸው። እሷም ጎረቤቷን ሰምታ አፏን ታንቀሳቅሳለች፤ መምህሩም ያወቀች ይመስለዋል። ስለዚህ ፊደሉን ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ጻፉ፤ በአንድ ጊዜም ከሰባት አትለፉ። ከዚያ የመጨረሻው ዴስክ ዘንድ ሄዳችሁ በልጅ ቁመት ጎንበስ ብላችሁ እዩት። የመስኮቱ ብርሃን ሰሌዳው ላይ የሚያንጸባርቅ ከሆነ በዚያ በኩል ያሉት ልጆች ምንም አያዩም፤ መጋረጃ ከሌለ ጽሑፉን ወደ ሌላው ጎን አዛውሩ።

የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ችግር ጥንት ያውቀዋል። ልጁ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ ከለየ በኋላ ተራው የተዘበራረቀውን «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ይቀጥላል፤ በሀ ሁ ዜማ ብቻ የመጣ እዚያ ይያዛል። የዛሬው ክፍል 33 መደቦችን በሰባት ረድፍ፣ 231 ፊደል በሰልፍ ሰቅሎ ይህን መፈተኛ መተዉ ያሳዝነኛል።

መተኪያው ከባድ አይደለም። አሥር ፊደል በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፋችሁ፣ ሌሎቹ ደብተራቸው ላይ ሲጽፉ በቀን ሦስት ልጅ ለየብቻ ጠይቁ። 60 ተማሪ በ20 የትምህርት ቀን ያልቃል። ጠይቃችሁ ሦስት ሰከንድ ያህል ዝም በሉ፤ ቶሎ የሚመልስ መምህር የልጁን ሐሳብ ይቀማል። መላው ክፍል ሲጠየቅም ጥያቄው ይቅደም፣ ስም መጥራት ይከተል፤ ስሙ ከቀደመ የቀሩት ማሰብ ያቆማሉ።

ስሕተቱን መዝግቡ፣ ዓይነቱ ይለያያልና። «ቤ»ን «ቢ» ያለ ልጅ ቅርጹን አውቆ ምልክቱን ስቷል፤ ሊ–ሌ፣ ቲ–ቴ፣ ኒ–ኔ እያነጻጸረ ይሥራ። «በ»ን «ሰ» ያለ ግን ቅርጹን ራሱ አልለየም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን እየጻፈ ልዩነቱን በቃሉ ይናገር። ከመጀመሪያው እየቆጠረ የሚደርሰውን ልጅ ከጋራ ዜማው ለጊዜው አውጡትና በተበታተነ ፊደል ብቻ አስጠኑት። ከሳምንት በኋላ ደግማችሁ ስትጠይቁ ካርዶቹን በውዙ፤ ልጆች የካርዱንም ተራ በቃላቸው ይይዙታል።