ካርቶኑ ላይ «ልዩ ልዩ» ተብሎ ሲጻፍ

ጭነት ስራ ላይ ነው የኖርኩት። ስቶር ውስጥ ካርቶን ከመቁጠር ጀምሬ፣ ዲስፓች (መኪና አሰማሪ) ሆኜ፣ አሁን ደሞ ድርጅታችን በነፃ የሚያደርሳቸውን የእርዳታ ጭነቶች የማስተባብረው እኔ ነኝ። ሰሞኑን አዲስ የተቀጠረ ልጅ «እኛ እኮ የትራንስፖርት ድርጅት ነን፣ እርዳታ የኛ ስራ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ፣ ስልክ እየጮኸ ስለነበር በወጉ ሳልመልስለት ቀረሁ፣ ግን ነገሩ ሲከነክነኝ ስለሰነበተ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው።

አደጋ ሲደርስ ሁላችንም ቶሎ የሚታየን ዕቃው ነው። ብርድ ልብስ አለ ወይ፣ መድሃኒት አለ ወይ፣ ድንኳን ምናምን። ዕቃውስ ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ ሰው ወገኑ ሲቸገር አይሰስትም። የሚከብደው ከዛ በኋላ ያለው ነው፣ ማን ይጭነዋል፣ በየት በኩል ይሄዳል፣ ጉምሩክ ላይ ወረቀቱን ማን ይጨርሳል፣ እዛ ሲደርስ ማን ቆጥሮ ይረከባል። ሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ለእርዳታ ከሚወጣው ገንዘብ ከ60 እስከ 80 በመቶው ዕቃውን ለመግዛት፣ ለማከማቸትና ለማድረስ የሚሄድ ነው ብለው ይገምታሉ፣ እኔም ስራው ውስጥ ሆኜ ሳየው የሚያስገርም ቁጥር አይደለም።

አንድ ሌሊት አለች የማልረሳት። ጎርፍ ብዙ ሰው አፈናቅሎ ነበርና የተሰበሰበው ዕቃ በያይነቱ ወደኛ መጋዘን ይመጣል። እኛም ደስ ብሎን ሁሉንም ተቀበልን፣ ፓኪንግ ሊስት (ውስጡ ያለው ዕቃ ዝርዝር) የለው፣ ክብደት አልተጻፈበት፣ ካርቶኑ ላይ በወፍራም ማርከር «ልዩ ልዩ» ይላል፣ በቃ። አንዱን ስከፍት ከላይ ወፍራም ካፖርት፣ ከስሩ አንድ እግር ጫማ፣ ጥንዱ የለም፣ ከጫማው ስር የሳል ሽሮፕ ፈሶ የህፃናት ልብስ ላይ ደርቋል፣ ጥግ ላይ ደሞ በፌስታል የታሰረ ኪኒን፣ ግማሹ ጊዜው ያለፈበት። ከዛ ቀጣዩ ካርቶን፣ ከዛ ቀጣዩ። ማታ መውጣት የነበረበት መኪና በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወጣ። ሰዎቹ ውሃ የከበበው ቦታ ላይ እየጠበቁ ነበር፣ እኛ ደሞ መጋዘን ወለል ላይ ተቀምጠን ጫማ እናጣምር ነበር። የሰጡትን ሰዎች አልወቅስም፣ ያላቸውን ነው የሰጡት። ጥፋቱ የኛ ነው፣ ምክንያቱም እንዲህ እንደሚሆን የምናውቀው እኛ ነን፣ ቀድመን መናገር ነበረብን።

ከዛ ወዲህ መኪና ከመመደቤ በፊት ምንድነው፣ ማን ነው የሚረከበው፣ የት ነው የሚራገፈው ብዬ ሳልጠይቅ አላልፍም። መልስ ከሌለ መኪና የለም። አንዳንዱ ይቀየመኛል፣ «ሰው እየሞተ አንተ ወረቀት ትጠይቃለህ» ይላል፣ ይሰማኛል፣ ግን ተረካቢ የሌለው መኪና መንገድ ዘግቶ ሲቆም ከኋላው ያለውን መድሃኒት የጫነውንም አብሮ ነው የሚያቆመው።

ይሄ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። በፈረንጆቹ ታህሳስ 26 ቀን 2004 የህንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ሲመታ ማንም ያልጠየቀው ዕቃ እየመጣ አየር ማረፊያዎችንና መጋዘኖችን አጨናንቆ ነበር፣ ለሞቃት አገር የክረምት ወፍራም ልብስ ሁሉ ተልኳል። ከዛ በኋላ ነው በ2005 የሎጂስቲክስ የድንገተኛ ቡድን የሚባለው የተቋቋመው፣ እነ ዩፒኤስ፣ አጊሊቲ፣ ማርስክ ያሉበት። ገበያ ላይ ደንበኛ ሲነጣጠቁ የሚውሉ ድርጅቶች ናቸው እኮ፣ አደጋ ሲመጣ ግን የዓለም የምግብ ፕሮግራም በሚመራው የሎጂስቲክስ ክላስተር (የእርዳታ ድርጅቶች ጭነታቸውን የሚያስተባብሩበት) ስር ሆነው ባለሙያ፣ መጋዘን፣ መኪና በነፃ ያቀርባሉ። እኔን ደስ የሚለኝ በተለይ ባለሙያው ነው። ገንዘብ ማንም ሊሰጥ ይችላል፣ ወደቡ ላይ የትኛው ኮንቴይነር መጀመሪያ መውረድ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ግን በገንዘብ ወዲያው አይገኝም።

በፈረንጆቹ ጥር 2010 የመሬት መንቀጥቀጥ ሄይቲን ሲመታ የሆነውን አስቡት። ወደቡ ፈርሷል፣ ክሬኖቹ ከጥቅም ውጪ ሆነዋል፣ የፖርቶ ፕሪንስ አየር ማረፊያ ያለው አንድ ማኮብኮቢያ ነው፣ መቆጣጠሪያ ማማውም ተጎድቷል። ዓለም ሁሉ ሊረዳ ተነስቶ አውሮፕላኖች ማረፊያ አጥተው ሰማይ ላይ ይዞራሉ፣ መድሃኒት የጫኑ ሁሉ ወደ ጎረቤት አገር ዶሚኒካን ሪፐብሊክ እንዲዞሩ ተደርገው ከዛ በመኪና ነው የገቡት። ዕቃ ሞልቶ ነበር፣ የታጣው መግቢያ ነው።

አሁን ደሞ ኔፓልን እዩ። ካትማንዱም ያለው አንድ ማኮብኮቢያ ነው፣ በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2015 የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ማኮብኮቢያው እንዳይሰነጠቅ ብለው ትልልቆቹን አውሮፕላኖች እስከመከልከል ደርሰዋል። ግን ከአንድ ወር ገደማ በፊት እዛው አየር ማረፊያው አጠገብ የእርዳታ ዕቃ ማራገፊያና ማከማቻ ቦታ ተሰርቶ ተመርቆ ነበር፣ ያ ቦታ ባይኖር ዕቃው የት ይራገፍ ነበር? የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅቱ ዲኤችኤልም ከ2009 ጀምሮ ከተባበሩት መንግስታት የልማት ፕሮግራም ጋር ሆኖ የአየር ማረፊያ ሰራተኞችን አደጋ ከመድረሱ በፊት ያሰለጥናል፣ ኔፓልም አንዷ ነበረች። አደጋው ከደረሰ በኋላ ባነር ለጥፎ አንድ አውሮፕላን መላክ ፎቶው ያምራል፣ እኔ ግን ሰላም በሆነ ጊዜ ፎርክሊፍት ሹፌር ያሰለጠነውን ድርጅት አስበልጣለሁ፣ ይሄን በግልፅ ነው የምናገረው።

አንድ ነገር ደሞ ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። በምግብ እጥረት ክፉኛ ለተጎዱ ህፃናት የሚሰጠው ፕላምፒ ነት የሚባለው የኦቾሎኒ ምግብ አንዱ ፓኬት 92 ግራም ነው፣ 500 ካሎሪ አለው። ካርቶኑ ውስጥ 150 ፓኬት አለ፣ ያ ደሞ አንድ ልጅ ታክሞ እስኪያገግም የሚበቃው ገደማ ነው። እና አንድ ካርቶን ማለት በቃ አንድ ልጅ ማለት ነው። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት መደብ) ላይ ሲደረድሩ ማየት ሌላ ነገር ሆነብኝ፣ ቁመቱ ሲበዛ የታችኛው ረድፍ ይጨፈለቃል፣ ጥጉ ይቀደዳል፣ «ሁለት ሶስት ካርቶን ነው ችግር የለውም» ሲባል እኔ ሁለት ሶስት ልጅ ነው የሚታየኝ። ጫኞቹም ይሄን ከነገርኳቸው በኋላ የሚያነሱበት እጅ ራሱ ተለወጠ፣ ማንም ሳያዛቸው ካርቶኑን ከመወርወር ወደ መቀባበል ሄዱ።

ትልቅ አደጋ በሌለበት ጊዜስ? ያኔ ነው ዝም ብሎ የሚሰራው ስራ ያለው። መኪና ዕቃ አድርሶ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይመለሳል፣ ነዳጁ እንደሆነ ተከፍሏል፣ ሹፌሩም ያው ይነዳል። ያንን ባዶ ቦታ ለትምህርት ቤት ዴስክ፣ ለጤና ጣቢያ አልጋ፣ ለመጻሕፍት ብንሰጥ ድርጅቱ የሚጎዳው ጥቂት ነው፣ ለማጓጓዣ ገንዘብ አጥቶ ዕቃው የትም ተቆልፎበት ለኖረ ማህበር ግን ይሄ ሁሉ ነገር ነው። ሁሉም ይጫናል ማለት ግን አይደለም፣ አብዛኛው ክትባት ለምሳሌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ተጠብቆ ነው የሚሄደው፣ ማቀዝቀዣ በሌለው መኪና «እናግዛችሁ» ብሎ መጫን ማበላሸት ነው፣ እዚህ ላይ አንችልም ማለትም እርዳታ ነው።

ትናንት ማታ አንዱ ሹፌራችን የተፈረመውን የርክክብ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ወረቀቱ ተጨማዷል፣ ጭቃ ነክቶታል፣ ከታች በእጅ «142 ካርቶን በደህና ተረክቤአለሁ፣ ሌሎቹ 2ቱ በዝናብ ርሰዋል» ተብሎ ተጽፏል። 144 ነበር በደህና መድረስ የነበረበት። ሸራው ጥግ ላይ ቀዳዳ እንዳለው ዛሬ ጠዋት ወጥቼ አየሁት፣ ሐሙስ ሌላ ጭነት ስላለ ከዛ በፊት እንዲቀየር ጥያቄ አስገብቻለሁ፣ ያንን አዲስ የተቀጠረውን ልጅም ሐሙስ አብሮኝ እንዲጭን ነግሬዋለሁ።