ፎቶ ሲነሳ የሚጠፋው ቅጽ

ለቤት ለቤት መረጃ መሰብሰቢያ የሚሆን የአንድሮይድ አፕ ሠርተን ነበር። 46 ጥያቄዎች አሉት፤ 31ኛው ላይ የቤቱ ፎቶ ይነሳል። ሥራው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ከደብረ ብርሃን ወጣ ካለ ቀበሌ አንዲት መረጃ ሰብሳቢ ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ ፎቶ አንስቼ ስመለስ የሞላሁት ሁሉ የለም» አለችኝ። ቢሮ ውስጥ 8 ጊጋባይት ራም ባላቸው ስልኮች ደጋግመን ሞከርነው፤ ምንም አልጠፋም። «ሳታውቀው ወደ ኋላ ተመልሳ ይሆናል» ተባባልን። እንዲህ ማለታችን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በማግስቱ ሄጄ አብሬያት አንድ ግቢ ገባሁ። የእሷ ስልክ ራሙ 1 ጊጋባይት ነው። መልሱን መጀመሪያ በደብተሯ ትጽፋለች፣ ከዚያ ስልኩ ላይ ትሞላለች። 31ኛው ላይ ስትደርስ ካሜራውን ከፈተች፣ አነሳች፣ የእሺ ምልክቷን ነካች። ስክሪኑ ለአፍታ ነጭ ሆነና የመጀመሪያው ገጽ ባዶውን መጣ። ደብተሯን ገልጣ እንደገና መሙላት ጀመረች። አንዱ መልስ አልነበብ ቢላት ብትጠይቃቸው፣ እማወራዋ «እንዴ ልጄ፣ አሁን ነገርኩሽ አይደል?» አሏት።

ነጩን ስክሪን ሳይ ገባኝ። አፑ ካቆመበት አልቀጠለም፤ እንደ አዲስ ነው የተነሳው። ካሜራ ብዙ ሜሞሪ ይፈልጋል፤ ራም ሲጠብ አንድሮይድ ከጀርባ ያለውን ፕሮሰስ፣ ማለትም ሜሞሪ ላይ እየሠራ ያለውን አፕ፣ ይገድላል። ረቂቁን የሚያስቀምጠውን ኮድ ደግሞ ኦንዴስትሮይ ውስጥ፣ ማለትም ገጹ ሲዘጋ አንድሮይድ በሚጠራው የኮድ ክፍል ውስጥ፣ ነበር የጻፍኩት። ፕሮሰሱ ሲገደል ኦንዴስትሮይን የሚጠራው የለም። መልሶቹ የነበሩት የገጹን መረጃ ሜሞሪ ላይ በሚይዘው ቪውሞዴል ውስጥ ስለሆነ ቢሮ ስልኩን አጋድመን ስንፈትሽ አይጠፉም ነበር። ቪውሞዴል የስክሪን መዞርን ይሻገራል እንጂ ፕሮሰሱ ሲሞት አብሮ ይሞታል።

እያንዳንዱ መልስ እንደተሞላ ወዲያው ስልኩ ላይ በቋሚነት ወደሚያስቀምጠው ሩም ዳታቤዝ እንዲገባ አደረግሁ። ፕሮሰሱ ቢገደልም አንድሮይድ ለአፑ በሚይዝለት ትንሽ መረጃ፣ ሴቭድ ስቴት ውስጥ፣ የረቂቁ መለያ ቁጥርና የፎቶው ፋይል አድራሻ ብቻ ይቀመጣል። ፎቶውን ራሱን እዚያ መክተት አይቻልም፤ ይህ መረጃ ወደ አንድሮይድ የሚተላለፍበት መንገድ ጣሪያው 1 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ከዚያ ካለፈ አፑ ይወድቃል።

አፈታተሻችንም ተቀየረ። በስልኩ የዴቨሎፐር ኦፕሽንስ ቅንብር አክቲቪቲዎችን (የአፑን ገጾች) እንዳያቆይ ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ ፕሮሰሱን አይነካውም። ሆም ተጭነን፣ ስልኩን ከኮምፒውተር በምናዝበት ኤዲቢ ፕሮሰሱን የሚገድለውን ትእዛዝ «ኤኤም ኪል» ብለን፣ አፑን መልሰን እንከፍታለን። ከቅርብ ጊዜ አፖች ዝርዝር ጠርጎ ማውጣትም አይተካውም፤ የተቀመጠውን ስቴት አብሮ ይጥለዋል።

አዲሱን ቨርዥን ጫንኩላት። ፎቶ አነሳች፤ ስክሪኑ አሁንም ነጭ ሆነ፣ ከዚያ 31ኛው ጥያቄ ከነፎቶው መጣ። ደብተሩን ግን ለሁለት ሳምንት ያህል አልተወችውም።