የፉርኖ ዱቄቱ ጉዳይ

የፊልማችን ስክሪፕት ላይ ጀግናችን ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነው። ልጁ በአደንዛዥ ዕፅ ይሞትበታል። እሱም የድሮ ሽጉጡን ከቁም ሳጥን አውጥቶ ፒያሳን ከዕፅ ነጋዴ ያፀዳል። ደራሲያችን ጎበዝ ልጅ ነው፤ ፖሊስ ጣቢያ ግን መታወቂያ ጠፋብኝ ለማለት ካልሆነ ገብቶ አያውቅም። የፖሊስን ሥራ የተማረው እንደ ብዙዎቻችን ከውጭ ፊልም ነው።

እኔ ፕሮዳክሽን ማናጀር ነኝ። ምሳው፣ ጄኔሬተሩ፣ የትብብር ደብዳቤው፣ የተኳረፈ ተዋናይ፣ ሁሉም እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ፕሮዲውሰሩን በስንት ልመና አሳምኜ አንድ አማካሪ ቀጠርን። አራዳ ተወልደው አራዳ ያገለገሉ ጡረተኛ ሳጅን ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ሳጅን» ነው የሚላቸው።

ፒያሳ አንድ ካፌ ቁጭ ብለው፣ ማኪያቷቸው እየቀዘቀዘ፣ ስክሪፕቱን በእስክሪብቶ ይዘው ገቡበት።

«ይሄ ሰውዬ ሽጉጡን ከየት አመጣው?»

«የሥራ ሽጉጡ ነው ጋሼ።»

«እኔ ስወጣ አስረክቤ፣ ፈርሜ ነው የወጣሁት። ቀበቶው ሳይቀር ተቆጥሮ።»

ገለጥ አደረጉ። ጀግናው ከሌሊቱ 8 ሰዓት በር ገንጥሎ ይገባል። «ዳኛ ፈቅዶለታል?» አሉ። እሳቸው ያደጉበት የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 33 ፍርድ ቤት ለይቶ ካላዘዘ በስተቀር ብርበራ የሚደረገው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው ይላል። የተያዘው ዕቃ ይመዘገባል፤ ሲቻልም ገለልተኛ ሰው ዝርዝሩን አይቶ ይፈርማል። ቀጥሎ ጀግናው ነጩን ዱቄት በጣቱ ነካ አድርጎ ይቀምስና «ንፁህ ኮኬይን!» ይላል። ጋሽ ሳጅን መነጽራቸውን አወለቁ። «ምላሱ ላብራቶሪ ነው?»

«ደግሞ ቦሌ ላይ የሚያዘው ሰው እንደዚህ መርሴዲስ የለውም» አሉ። «ጥቅል ውጦ የመጣ፣ ላብ ያጠመቀው ምስኪን ተላላኪ ነው። ሽጉጥ ብትመዝበት ምን ይጠቅምሃል? ሐኪም ጠርተህ፣ ቁጭ ብለህ መጠበቅ ነው።»

ዳይሬክተሩ ሳቀ። «ጋሼ፣ አክሽን እኮ ነው የምንሠራው። ሰው ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ማን ያያል?» ከዚያ ሁሉ ምክር የተወሰደው የሰላምታ አሰጣጡ ብቻ ነበር።

ነገሩን የቀየረው የፕሮፕስ፣ ማለትም የትዕይንት ዕቃ የሚያዘጋጀው፣ ልጃችን ነው። 20 ጥቅል «ኮኬይን» ሥራ ተባለ። ፉርኖ ዱቄት ገዝቶ ግማሽ ግማሽ ኪሎ መዘነ፣ በላስቲክ ጠቀለለ፣ ቡኒ ፕላስተር አዞረበት። እንዲያምር ብሎም እያንዳንዱ ላይ በቀይ ማርከር ጊንጥ ሣለ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ከዚያ ሻንጣ ውስጥ ከተተና ለዕቃ ማስቀመጫ ከተከራየነው የፔንሲዮን ክፍል አልጋ ሥር ገፋው። ለማንም አልተናገረም።

በማግስቱ ጠዋት የፅዳት ሠራተኛዋ ወለል ልትወለውል ሻንጣውን ስትስበው ዚፑ ተከፈተ። መጮህ የለ፣ መሮጥ የለ። በሩን ቆለፈች፣ ቁልፉን ኪሷ ከተተች፣ ወርዳ ለፔንሲዮኑ ባለቤት ለእትዬ ነገረች። እሳቸው ለፖሊስ ደወሉ። እኛ ስክሪፕት ውስጥ እንደዚች ልጅ በእርጋታ የሚሠራ አንድ ሰው አልነበረም።

እኛ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ የማባረር ትዕይንት ልንቀርጽ ካሜራ እየተከልን ነበር። ስልኩ ሲደወል ዳይሬክተሩም፣ ጋሽ ሳጅንም ተከተሉኝ። ክፍሉ ውስጥ ፖሊሶች አሉ። ሽጉጥ የመዘዘ የለም። «ፊልም ነው፣ ፕሮፕስ ነው!» አልኩ እያለከለክኩ። አለቃቸው ቀና ብሎም አላየኝ። «እሺ። እዚያ ጋ ቁም።»

ጋሽ ሳጅን ያማልዱናል ብዬ ነበር። ጭራሽ! ግድግዳ ተደግፈው፣ ተማሪ እንደሚፈትን መምህር ዝም ብለው ያያሉ።

አንዱ ጓንት አድርጎ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ያወጣል፣ ቁጥር ይጠራል። ሌላው ይጽፋል። ጊንጡ ሳይቀር ተመዘገበ፦ «በቀይ ቀለም የነፍሳት ሥዕል ያለበት»። መሃል ላይ ቁጥሩ ተምታታ። ማንም አልተቆጣም፤ ሁሉንም ወደ ሻንጣው መልሰው ከአንድ ጀመሩ። ከዚያ የጎረቤት ባለሱቅ ለምስክርነት ተጠራ። መነጽሩን ሱቅ ረስቶት ስለነበር ልጅ ተላከ። ፖሊሱ፣ እትዬ፣ እኔ፣ ሁላችንም ቆመን መነጽር ጠበቅን። ባለሱቁ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አንብቦ፣ ጥቅሎቹን ራሱ ቆጥሮ ፈረመ። የፅዳት ሠራተኛዋም ፈረመች። ዱቄቱን የቀመሰ ሰው አልነበረም።

ስቀን የምናወራው ዛሬ ነው። ዕፅ ማምረትንና ማዘዋወርን የሚቀጣው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ከ5 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት ነው የሚጀምረው። ጣቢያ ሄደን ደብዳቤውም ስክሪፕቱም ታየ፤ አመሻሽ ላይ ተለቀቅን። ዱቄቱ ግን ተመርምሮ እስኪረጋገጥ እዚያው ቀረ። ማን ይፈርድባቸዋል? የቀኑ ቀረጻ ተበላሸ፤ የካሜራ ኪራይም የኤክስትራዎችም አበል ውኃ በላው። ፕሮዲውሰሩ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም።

ታክሲ ውስጥ ዳይሬክተሩ ዝም አለ። ከዚያ ድንገት «ያ የባለሱቁ መነጽር!» አለ። «መነጽሩን ስንጠብቅ ልቤ ቆማ ነበር እኮ።»

«እሱ ነው ሥራው» አሉ ጋሽ ሳጅን። «በር የሚገነጥለው ጀግናህ ያን ሁሉ ዕቃ ማን ፊት ቆጠረው? ጠበቃው ይሄን አንድ ጥያቄ ጠይቆ ነጋዴህን ይዞልህ ይሄዳል።»

መጨረሻው እንደገና ተጻፈ። ጀግናው ሽጉጥ የለውም። ያሠለጠነውን ወጣት ፖሊስ ይጠራል፤ ነጋዴው በዓይኑ እየዛተበት ጥቅሎቹ ይቆጠራሉ፣ ምስክሩ መነጽሩን ይፈልጋል። በእኔ ግምት የፊልሙ አስፈሪ ቦታ እሱ ነው። ማባረሩ አልቀረም፤ ፒያሳ ድረስ ሄዶ ሳይሮጡ መምጣትም ነውር ነው።

እኔ ጋ ያለው ሥራም ተቀይሯል። አደገኛ የሚመስል ማንኛውም ዕቃ ዝርዝሩ ወጥቶ፣ ከደብዳቤው ኮፒ ጋር ለቤቱ ባለቤትም ለአካባቢው ፖሊስም ቀድሞ ይደርሳል። በየጥቅሉ ውስጥ «የፊልም ዕቃ» የሚል ወረቀት አለ። አንድ ሰው በኃላፊነት ይረከባል፣ ማታ ቆጥሮ ይቆልፋል። የአሻንጉሊት ሽጉጥም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ለፊልም የመጣ ሽጉጥ እውነተኛ ጥይት ተገኝቶበት የካሜራ ባለሙያዋን ሃሊና ሃችንስን ገድሏል። የእኛ ፉርኖ ዱቄት ነበር፤ ተመስገን ነው።

ኤዲቲንግ ላይ የቆጠራው ትዕይንት ረዘመ ተብሎ ተቆርጦ አጠረ። ጋሽ ሳጅንን ጠርተን አሳየናቸው። ዝም ብለው አዩ። ሲያልቅ እስክሪብቷቸውን አወጡ።

«ተዋናዩ 20 አለ። እኔ ስክሪኑ ላይ 6 ነው የቆጠርኩት። 14ቱን ማን ወሰደው?»

«ጋሼ፣ ተመልካች እኮ አይቆጥርም።»

«ዳኛ ይቆጥራል።»

በማግስቱ ተዋናዩን ስቱዲዮ አስገብተን «ሃያ» ያለውን «ስድስት» ብለን በድምፅ ቀየርነው።